ሸክሙ ይውረድ፤ ተሸካሚው ግን ከታሪኩ አይውረድ

ወደብ ማለት በመጀመሪያ ትርጉሙ ሸክም የሚወርድበት ሥፍራ ነው። በመርከብም ይምጣ በባቡር ወይም በአጋሰስ፣ ከሩቅ የመጣ ጭነት ከአንዱ ጀርባ ወርዶ በሌላው ጀርባ ላይ የሚጫንበት ቦታ ሁሉ የወደብነት ጠባይ አለው። ስለሆነም የማንኛውም ወደብ ታሪክ በግንቡ፣ በመጋዘኑና በመብራት ማማው ብቻ ተነግሮ አያልቅም። የወደብ ታሪክ ከሁሉ በፊት የተሸካሚው ታሪክ ነው። ይህን መሠረታዊ ሐቅ የዘነጋ አስጎብኚ ለጎብኚው የሚያሳየው ባዶ ቤት ብቻ ነው፤ ቤቱን የሠራውንና በቤቱ የሠራውን ሰው አያሳይም።

ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት በልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የቆዩ የወደብ ሰፈሮች እየታደሱ የመዝናኛና የጉብኝት ሥፍራዎች ሆነዋል። ለዚህ የለንደን ወደብ አንድ አብነት ነው። በዚያ ወደብ ሠራተኛው በየማለዳው በበር ተሰልፎ የዕለት ሥራ ይለምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 ዓ.ም. የለንደን የወደብ ሠራተኞች በሰዓት ስድስት ፔኒ እንዲከፈላቸው ጠይቀው ያደረጉት ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ በዓለም የሠራተኛ ንቅናቄ ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ይዟል። ይሁን እንጂ ዕቃን በትላልቅ ኮንቴይነሮች የሚያጓጉዙ መርከቦች በመጡ ጊዜ አሮጌዎቹ የመርከብ ማቆሚያዎች ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በተከታታይ ተዘጉ። እ.ኤ.አ. በ1981 ዓ.ም. አካባቢውን የሚያለማ ድርጅት ተቋቁሞ በሸክም ሜዳው ላይ የባንክና የኩባንያ ሕንፃዎች ተገነቡ። ዛሬ በዚያ በእግሩ የሚጓዝ ጎብኚ የሚያማምሩ የውኃ ዳርቻዎችን ያያል። ነገር ግን የአሮጌው ሠራተኛ ልጆች በአባቶቻቸው ሰፈር የመኖሪያ ቤት ዋጋ ሊቀምሱት የማይችሉት ሆኖባቸዋል።

በኬፕ ታውን ደግሞ ሌላ ትምህርት እናገኛለን። በዚያች ከተማ የወደቡ ሰፈር ታድሶ የታወቀ የገበያና የመዝናኛ ሥፍራ ሆኗል። ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ዲስትሪክት ሲክስ የሚባል የሠርቶ አደሮች ሰፈር ነበረ። የዘር ልዩነት አገዛዝ እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ይህን ሰፈር የነጮች ክልል ነው ብሎ ካወጀ በኋላ ከ60,000 በላይ ነዋሪዎች ተፈናቅለው ቤቶቻቸው ፈረሱ። አገዛዙ በወደቀ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም.፣ በአንድ የቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የዲስትሪክት ሲክስ ሙዚየም ተከፈተ። በሙዚየሙ ወለል ላይ የፈረሰው ሰፈር የመንገድ ካርታ ተዘርግቷል፤ የቀድሞ ነዋሪዎችም ይኖሩበት የነበረውን ቦታ በካርታው ላይ በስማቸው አመልክተዋል። ጎብኚውን ተቀብለው የሚተርኩትም ራሳቸው ተፈናቃዮቹ ናቸው። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ እንኳ ታሪኩን የመናገር ሥልጣን በባለቤቱ እጅ ሊሆን ይችላል። ሰፈሩ ገና ቆሞ ሳለማ ምን ያህል ይቀላል!

ከዚህ አንፃር ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። አዲስ አበባ ባሕር የላትም። የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. እስኪደርስላት ድረስ ጭነቷ ሁሉ በሰውና በጋማ ከብት ጀርባ ይገባ ነበር። በሰሜን በኩል ያለው በሯም ጉለሌ ነው። ከጎጃምና ከሰላሌ የሚመጣው ነጋዴ የእንጦጦን ተረተር አቋርጦ የሚወርደው ወደ ጉለሌ ነው። እንጨቱ ከተራራው የሚወርደው፣ ሸማው ተሠርቶ ለገበያ የሚወጣው፣ ጀበናውና ምጣዱ ተተኩሶ ለከተማው የሚዳረሰው ከጉለሌ ነው። በዚህ ትርጉም ጉለሌን የአዲስ አበባ የየብስ ወደብ ብንላት አልተሳሳትንም። እነሆ ዛሬ ይህች ወደብ በመታደስ ላይ ናት። በመሆኑም አንባቢን ይዘን ከላይ ወደ ታች በእግር እንጓዛለን። አቅጣጫውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የጉለሌ ሸክም ምንጊዜም የሚጓዘው ከተራራው ወደ ከተማው ነውና።

ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ስለ ስሙ አንድ ቃል መናገር ይገባል። ጉለሌ የሚለው ስም የወጣው በአካባቢው ይኖሩ ከነበሩት የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች አንዱ ከሆነው ከጉለሌ ጎሣ ነው። ይህም ማለት በዚህ ምድር ላይ ቤተ መንግሥት ከመታነጹ አስቀድሞ ከብት የሚያሰማራ፣ መሬት የሚያርስ፣ ምንጩንና ጅረቱን በስም የሚያውቅ ሕዝብ ነበረ ማለት ነው። የጉብኝት መጀመሪያ የድንጋይ ካብ ሳይሆን ይህ ሕዝብ ሊሆን ይገባዋል። ስሙን ለሰፈሩ ሰጥቶ ራሱ ከታሪኩ የተዘለለ ሕዝብ ሊኖር አይገባምና።

የመጀመሪያው ማረፊያችን እንጦጦ ማርያም ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መቀመጫቸውን በዚህ ተራራ ላይ አደረጉ። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑትም በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከላይ የጠቀስነው የለንደን ወደብ ሠራተኞች አድማ የተካሄደው በዚያው ዓመት፣ ከዘውዱ በዓል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መሆኑን ማስታወስ ዓለም በአንድ ጊዜ ስንት ዐይነት ታሪክ ትሠራ እንደነበር ያስረዳል። በአጥቢያው ያለው ቤተ መንግሥት የሚያስደንቀው በግዝፈቱ ሳይሆን በቀላልነቱ ነው። ግድግዳው ጭቃና እንጨት፣ ክዳኑ ሣር ነው። ዛሬ ጎብኚው በዚያ ሲቆም ነገሥታቱ የት ይቀመጡ እንደነበር፣ ግብር የት ይበላ እንደነበር ይነገረዋል። መልካም ነው። ነገር ግን እንጨቱን ማን ቆረጠው? ጭቃውን ማን አቦካው? ሣሩን ማን አጨደው? ውኃውን ወደዚህ ብርዳም ተራራ ማን አወጣው? ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለም።

ተራራው ለመከላከል ቢመችም ለኑሮ አልተመቸም። ብርዱና ነፋሱ፣ የውኃውና የማገዶው እጥረት መኳንንቱንም ጭፍራውንም አስጨነቀ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍልውኃው አጠገብ የመሠረቷት ሠፈር አዲስ አበባ ተባለች፤ ቀስ በቀስም ከተማው ከተራራው ወደ ሜዳው ወረደ። ቤተ መንግሥቱ ወርዷል፤ ሸክሙ ግን በተራራው ቀረ። እንጦጦ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የከተማው የእንጨት ጎተራ ሆኖ አገልግሏልና።

ሁለተኛው ማረፊያችን ደኑ ነው። የእንጦጦ ጽድና ወይራ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ተጨፍጭፎ ባለቀ ጊዜ አዲሲቱ ከተማ በእንጨት እጦት ልትፈታ ተቃርባ ነበር። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ እንደነበር የታወቀ ነው። ከተማዋን ከመፈታት ካዳኗት ምክንያቶች ዋነኛው በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከውጭ አገር የመጣ፣ ጥንተ መገኛው አውስትራሊያ የሆነ ዛፍ ነው። ሕዝቡ ባሕር ዛፍ ብሎ ጠራው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማለት ነው። የባሕር በር የሌላት ከተማ በስሙ ባሕርን የሚያስታውስ ዛፍ ቋሚዋና ማገዶዋ፣ አጥሯና ጣሪያዋ ሆነ። ዛፉ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በአንፃሩ ውኃ በብዛት መምጠጡና ከሥሩ ሌላ ዕፅዋት እንደ ልብ አለማብቀሉ ለተራራው ዳገት ጉዳት ሆኗል።

ዛፉ ወደ ከተማው የወረደው በማን ጀርባ ነው? በሴቶች ጀርባ ነው። የእንጦጦ ማገዶ ተሸካሚ ሴት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ዳገቱን ትወጣለች፤ ጭራሮውን ትለቅማለች፤ ቅጠሉን ትጠርጋለች፤ ከራሷ ክብደት የማይተናነስ ሸክም በወገቧ አስራ፣ ጎንበስ ብላ ቁልቁለቱን ትወርዳለች። በጫካው የጥበቃ ሠራተኛ ያስቆማታል፤ በገበያው ገዢ ዋጋ ይሰብርባታል። በዚህ ጭራሮና ቅጠል የአዲስ አበባ እንጀራ ለአያሌ ዐሥርተ ዓመታት ተጋግሯል። ታዲያ ከተማው የበላው እንጀራ ግማሽ ዋጋው በእነዚህ ሴቶች ወገብ ላይ የተከፈለ ነው ብንል ማጋነን ይሆናልን? እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የዓለም የሥራ ድርጅት ስለ እነዚሁ ሴቶች ጥናት አስደርጓል። ከዚያም በኋላ ከሸክም ወጥተው በማኅበር የተደራጁና በሽመና የተሠማሩ ሴቶች በእንጦጦ መንገድ ዳር ሥራቸውን ለጎብኚ ለማቅረብ በቅተዋል። ሸክምን በሙያ መተካት የሚቻል ለመሆኑ እነዚህ ሴቶች ሕያው ማስረጃ ናቸው።

መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ተመርቆ ተከፈተ። የእግር መንገድ፣ የብስክሌትና የፈረስ መጋለቢያ፣ የምግብ ቤትና የማረፊያ ሥፍራዎች ተሠርተዋል። በምዕራብ በኩል ደግሞ የከተማው አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ከ700 ሄክታር በላይ በሆነ መሬት ላይ አገር በቀል ዕፅዋትን መልሶ ለማልማት ይደክማል። የከተማው ሕዝብ ንጹሕ አየር የሚተነፍስበት ሥፍራ ማግኘቱን የሚጠላ የለም። ዳሩ ግን ዛሬ ጎብኚው ለመዝናናት የሚራመድበት የእግር መንገድ ትናንት ሴቲቱ ለመኖር የወጣችው ዳገት መሆኑን የሚነግር አንድ ጽላት፣ አንድ የአስጎብኚ ቃል ቢኖር የፓርኩ ውበት በምን ይጎድላል? ይልቁንም ምሉዕ ይሆናል።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሦስተኛው ማረፊያችን ሽሮ ሜዳ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰቀለው ጥበብ፣ ነጠላ፣ ጋቢና ቀሚስ ለዓይን ይማርካል። የአገር ልብስ ያማረው የሰርገኛ፣ የበዓል አክባሪ፣ ከውጭ አገር የተመለሰ ወገን ሁሉ ወደዚህ ይመጣል። ሆኖም ጎብኚው የሚያየው ሱቁን ነው፤ ሸማኔው ያለው ከሱቁ ጀርባ፣ በጠባቡ መንደር ውስጥ ነው። አብዛኞቹ የዚህ ሰፈር ሸማኔዎች የዘር ሐረጋቸው ከጋሞ ደጋ የሚመዘዝ ነው፤ የከተማው ሰው በጅምላ ዶርዜ እያለ ሲጠራቸው ኖሯል። የጋሞ አገር በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ ዓ.ም. በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ የሽመና ባለሙያዎች ወደ አዲሲቱ ዋና ከተማ መጥተው በጉለሌ ሠፈሩ። ልጅ ከአባቱ፣ የወንድም ልጅ ከአጎቱ እየተማረ ሙያው እስከ ዛሬ ዘልቋል።

አንድ ነጠላ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው የነጠላን ዋጋ አያውቅም። ጥጡ ይዳመጣል፤ ይነደፋል፤ ባዘቶ ይሆናል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል። ድሩ ይዘጋጃል፤ ማጉ በመወርወሪያ ይገባል። ሸማኔው በጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል፤ በእግሩ ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይልካል። ጥበቡን በጠርዙ ላይ ሲያወጣ የሚመራው የተጻፈ ንድፍ ሳይሆን የእጁ ልምድና የዓይኑ ልክ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ አልቆ ሸማው ሲሸጥ ትርፉ የሚያርፈው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሸማኔው እጅ ሳይሆን ፈትሉን በሚያበድረውና ሸማውን በሚረከበው ነጋዴ እጅ ነው። በሽመናው ሥራ ከጋሞ የመጡ ሕፃናት ጉልበታቸው ሲበዘበዝ መኖሩም በጥናት የታወቀ የሰፈሩ ጠባሳ ነው። ይህን ጠባሳ ሸፍኖ ጥበቡን ብቻ የሚያሳይ ጉብኝት ግማሽ እውነት ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሌላ ፈተና መጥቷል። በውጭ አገር ፋብሪካ የሐበሻ ጥበብ መስሎ የሚታተም ጨርቅ በርካሽ ገብቶ ገበያውን ተሻምቷል። ገዢው መልኩን ያያል፤ እጁን አያይም። እዚህ ላይ የአስጎብኚ ሥራ ከማዝናናት አልፎ የማስተማር ሥራ ይሆናል። በእጅ የተሠራውን ከታተመው የሚለይ ጎብኚ ለሸማኔው ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ጠበቃ ነው። ይህንንም መለየት የሚማረው በሱቁ መስኮት ፊት ቆሞ ሳይሆን በጉድጓዱ አፋፍ ከሸማኔው ጋር ተቀምጦ ነው።

ጉድጓዱ ራሱ ለከተማ አዳሾች የሚያነሣው ብርቱ ጥያቄ አለ። የባህላዊ ሽመና ዕቃ በመሬት ላይ የተተከለ ነው። ባለ ብዙ ፎቅ ቤት ተሠርቶ ሸማኔው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ቢሰጠው ቤት አገኘ እንጂ የሥራ ቦታ አላገኘም፤ በሲሚንቶ ወለል ላይ ጉድጓድ አይቆፈርምና። ጉድጓድ የማያስፈልገው በእንጨት የቆመ የሽመና ዕቃ መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን ዕቃውን መግዛት፣ አዲሱን አሠራር መማር፣ ዕቃው የሚቆምበትን ሰፊ ክፍል ማግኘት የግድ ይሆናል። በዚህ ሰፈር መኖሪያውና መሥሪያው አንድ ጣራ ነው። ባልየው ይሸምናል፤ ሚስት ትፈትላለች፤ ጎረቤት ድር ያደራል፤ ገበያው በእግር የሚደረስ ነው። ይህን ሰንሰለት ቆርጦ አንዱን ወደ ምሥራቅ፣ ሌላውን ወደ ደቡብ የከተማ ዳርቻ የሚበትን ዕድሳት ቤቶቹን ቢያሻሽልም ሙያውን ይገድላል።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ምዕራብ ስንታጠፍ አራተኛውን ማረፊያችንን ቀጨኔን እናገኛለን። ቀጨኔ የሸክላ ሠሪ ሴቶች ሰፈር ነው። ጭቃው ይረገጣል፤ ይታሻል፤ ያለ ማሽን በእጅ ይቀረጻል፤ በጥላ ይደርቃል፤ በእሳት ይተኮሳል። የከተማው ቡና የሚፈላበት ጀበና፣ እንጀራው የሚጋገርበት ምጣድ፣ ወጡ የሚሠራበት ድስት ከእነዚህ ሴቶች እጅ ሲወጣ ኖሯል። ነገር ግን ኅብረተሰቡ በጀበናቸው ጠጥቶ፣ በምጣዳቸው ጋግሮ፣ በድስታቸው ሠርቶ ሲያበቃ እነርሱን ቡዳ ይላቸው ነበር። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በስድብ ስም እየጠራ ከማዕድ አርቋቸዋል፤ ጋብቻም ነፍጓቸዋል። የሚሠራው ተንቆ የማይሠራው የሚከበርበት ይህ ኋላ ቀር አስተሳሰብ የአገሪቱን የእጅ ጥበብ ለብዙ ዘመናት እንዳያድግ አንቆ ይዞታል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት መድረሳቸው በሽታው ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያስረዳል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም የአስተሳሰቡ ርዝራዥ ፈጽሞ ጠፍቷል ለማለት አያስደፍርም።

እንግዲህ በቀጨኔ የሚደረግ ጉብኝት ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባለሙያዋን እንደ ትርኢት አቁሞ ፎቶግራፍ ማንሣት ያንኑ የጥንት ንቀት በአዲስ መልክ መድገም ነው። ጎብኚው በባለሙያዋ ፈቃድ ገብቶ፣ ሥራዋን ከራሷ አንደበት ሰምቶ፣ ዋጋዋን ከፍሎ የሚወጣበት ሥርዓት ከተዘረጋ ግን ለዘመናት የተሸከመችው ስድብ በክብር ይተካል።

የመጨረሻው ማረፊያችን አዲሱ ገበያ ነው። የጎጃም መንገድ ከተራራው ወርዶ ከተማውን የሚገናኘው በዚህ አካባቢ ነው። የቀድሞው አጋሰስ በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ቢተካም የቦታው ጠባይ አልተለወጠም፤ ዛሬም ሸክም ይወርድበታል፤ ዛሬም ከገጠር የመጣ ወጣት ጀርባውን ለሥራ ያከራይበታል። ወዛደሩ በመኪናው ጎን ቆሞ ጆንያውን ሲቀበል ያየ ሰው የለንደንን የወደብ በር በዓይነ ሕሊናው መሳል አይቸግረውም። አገሩና ዘመኑ ይለያያል፤ የዕለት እንጀራን በዕለት ጉልበት የመግዛት ሕግ ግን አንድ ነው።

እስካሁን የተጓዝንበት መንገድ በጥቂት ሰዓት በእግር የሚያልቅ ነው። ሆኖም ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ የሆነ የከተማ ታሪክ፣ ከዚያም በፊት የነበረ የሕዝብ ታሪክ በውስጡ ይዟል። አዲስ አበባን የማደሱ ሥራ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማት በሚል ስም በስፋት ተጀምሮ እንደ ፒያሳ ያሉ ዕድሜ ጠገብ ሰፈሮች መልካቸው ተለውጧል፤ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ተዛውረዋል። ስለዚህ ዕድሳት በደረሰበትም ሆነ ወደፊት በሚደርስበት ሰፈር ሁሉ የጉለሌ መንገድ የሚያነሣው ጥያቄ የውበት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ጥያቄው ሰፈሩ ሲያምር ሰፈሩን የሠራው ሰው የት ይሆናል? የሚል ነው።

አንዳንዶች እንዲህ ይሉን ይሆናል። «ታዲያ ድህነትን በሙዚየም እናስቀምጥ ነው የምትሉት? ሴቲቱ እንጨት እንደተሸከመች፣ ሸማኔው በጭቃ ቤቱ እንደ ተቀመጠ ይቆይ ነው የምትሉት?» ፈጽሞ አይደለም። ጎስቋላ ቤት ቅርስ አይደለም፤ የተጎበጠ ወገብ ጌጥ አይደለም፤ የሚያፈስ ጣሪያ ባህል አይደለም። በጠባብ ክፍል ውስጥ መሽቶ እስኪነጋ የሚሸምን ሕፃን ሊጎበኝ ሳይሆን ነፃ ሊወጣ ይገባዋል። ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ መብራት፣ ደረቅ ወለልና ሰፊ መስኮት የሠርቶ አደሩ መብት ናቸው። እኛ የምንለው ሸክሙ ይውረድ፣ ተሸካሚው ግን ከሸክሙ ጋር አብሮ አይጣል ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ያልቻለ ዕድሳት ድህነትን አላጠፋም፤ ድሀውን ከዓይን አራቀ እንጂ።

ሌሎች ደግሞ «ጎብኚው የሚመጣው ለመዝናናት ነው፤ የሸክምና የእንባ ታሪክ ማን ይሰማል?» ይሉ ይሆናል። የኬፕ ታውን አብነት ለዚህ በቂ መልስ ነው። የተፈናቃዮቹን ቃል ለመስማት ከዓለም ዙሪያ የሚጎርፈው ጎብኚ እውነት ራሷ ሰውን እንደምትስብ አስመስክሯል። ከዚህም በላይ የጉለሌ ታሪክ የእንባ ታሪክ ብቻ አይደለም። ተንቆ ሳለ ሙያውን ያልጣለ፣ ተበዝብዞ ሳለ ጥበቡን ያላጎደለ፣ ከሸክም ወጥቶ በማኅበር የቆመ ሕዝብ ታሪክ ነው። ይህ የሚያኮራ እንጂ የሚደበቅ አይደለም።

ሕጉም ቢሆን ለዚህ አስተሳሰብ መሠረት ጥሏል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግዙፍነት ያለውን ቅርስ ብቻ ሳይሆን ግዙፍነት የሌለውንም ቅርስ ያውቃል። አገራችን የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. የወጣውን ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ዓ.ም. ተቀብላለች። የእጅ ጥበብ ዕውቀት ከነዚህ ቅርሶች አንዱ ነው። ዕውቀት ደግሞ በመደርደሪያ ላይ አይቀመጥም፤ የሚኖረው በሰው እጅ ነው። ሰውየው ከሥራ ቦታው ሲነቀል ዕውቀቱ አብሮ ይነቀላል። ስለዚህ ሸማኔን በሽመናው ቦታ ማቆየት ችሮታ ሳይሆን ቅርስን የመጠበቅ ግዴታ ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገሮች ሊሰመርባቸው ይገባል። አንደኛ፣ አስጎብኚው ከሰፈሩ ይውጣ። የሸማኔ ልጅ፣ የሸክላ ሠሪ ልጅ፣ እንጨት ተሸክማ ያሳደገች እናት ልጅ ታሪክና ቋንቋ ተምሮ መንገዱን ይምራ። የተጻፈ ቃል ሸምድዶ ከሚያነበንብ እንግዳ ይልቅ ያየውን የሚናገር ባለቤት ይታመናል። ሁለተኛ፣ የዕድሳት ንድፍ ሲነደፍ የሥራ ቦታ ከመኖሪያ ቤት እኩል ይታሰብ። ለጉድጓዱ መሬት፣ ለሸክላው መተኮሻ ሜዳ፣ ለፈታዮቹ ብርሃን ያለበት ክፍል በወረቀቱ ላይ ገና ከመጀመሪያው ይሠመር። ይህንንም ንድፍ አውጪው ብቻውን ሳይሆን ባለሙያዎቹ በጉባኤ ተቀምጠው ይምከሩበት። ሦስተኛ፣ ከጉብኝት የሚገኘው ገቢ ወደ ሠሪው ይመለስ። ባለሙያዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ፈትላቸውን በጋራ የሚገዙበት፣ ሥራቸውን በራሳቸው ስም የሚሸጡበት መንገድ ከተከፈተ በሸማኔውና በገዢው መካከል የቆመው ግድግዳ ይፈርሳል። ከማንኛውም አሮጌ ግድግዳ በፊት ሊፈርስ የሚገባውም ይህ ነው።

ከተማ በድንጋይና በሲሚንቶ ብቻ አይታደስም። አዲስ መንገድ የሚያስፈልገው ሰው እንዲሄድበት፣ አዲስ ቤትም ሰው እንዲኖርበት ነው። የእንጦጦ ዳገት ተስተካክሎ ሲያምር፣ ሽሮ ሜዳና ቀጨኔም መልካቸው ሲታደስ በዚያ የሚመላለሰው ሕዝብ ትናንት ዳገቱን በሸክም የወጣው ሕዝብ ልጅ ሊሆን ይገባል። ያን ጊዜ የሰሜኑ የየብስ ወደብ በእውነት ታደሰ ይባላል። የከተማው አዳሪ ሁሉ፣ አቃጁም፣ አስጎብኚውም፣ ጎብኚውም በዚህ መንገድ በተራመደ ቁጥር ከእግሩ በታች ያለው የማን ላብ እንደሆነ ይጠይቅ። የጉለሌም ልጅ ጥያቄውን በገዛ አንደበቱ፣ በገዛ ደጁ ቆሞ ይመልስ።